ስም ዝርዝር ወይስ ጥያቄ? የልጆቻችን አደጋ የሚለካው በየትኛው ነው?

አንድ ልጅ ጋንግ ውስጥ መግባቱ የሚታወቀው በምንድን ነው? በለበሰው ኮፍያ፣ አብሮት በሚውለው ጓደኛው፣ ወይስ በሚያዳምጠው ሙዚቃ? በለንደንም ሆነ በአሜሪካ ከተሞች ልጆች ለምናሳድግ ወገኖች ጥያቄው የሩቅ አይደለም። መለኪያው ከተሳሳተ ምንም ያላደረገ ልጅ ስሙ ይጠፋል። ጨርሶ ካልተለካ ደግሞ ጩቤ በኪሱ ይዞ የሚወጣውን ልጅ ሳናየው እንቀራለን።

የለንደን ፖሊስ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ረብሻ በኋላ፣ በ2012 «ጋንግስ ማትሪክስ» የተባለ የስም መዝገብ ከፍቶ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2018 ባወጣው ሪፖርት መዝገቡ የ3,806 ሰዎችን ስም መያዙን፣ ከእነዚህም 78 በመቶው ጥቁሮች መሆናቸውን፣ ትንሹም የ12 ዓመት ልጅ እንደነበር ገለጸ። የጋንግ ሙዚቃ ቪዲዮ ማጋራት እንኳ እንደ ምልክት ይቆጠር ነበር። መረጃው ለትምህርት ቤቶችና ለቤት አከራይ ተቋማት ጭምር ይደርስ ስለነበር ጣጣው ለቤተሰብም ተርፏል። ፖሊስ በ2022 የመዝገቡ አሠራር ሕግ የጣሰ እንደነበር አመነ፤ በ2024ም መዝገቡ ተዘጋ።

ሌላው መንገድ ራሱን ልጁን መጠየቅ ነው። በአሜሪካ ከ1991 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል የሚካሄድ ብሔራዊ የዳሰሳ ጥናት አለ። ተማሪው ስሙን አይጽፍም። «ባለፉት 30 ቀናት ሽጉጥ፣ ቢላ ወይም ዱላ ይዘህ ትምህርት ቤት የገባህበት ቀን ስንት ነው?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ይቀርብለታል። ስለ ጋንግ የሚያጠኑ ባለሙያዎችም «የጋንግ አባል ነህ?» በሚለው ብቻ አይወሰኑም። ጓደኞቹ አብረው የቆዩት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ የሚውሉት ጎዳና ላይ መሆኑን፣ ሕገወጥ ድርጊት የቡድኑ መለያ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃሉ። «ጋንግ» የሚለው ቃል ለአንዱ ልጅ ጉራ፣ ለሌላው ስድብ ነውና።

ይህም ቢሆን ጉድለት አለበት። ክፍል ውስጥ የሚሞላ መጠይቅ ትምህርት ያቋረጠውን ልጅ አያገኘውም፤ አደጋው የሚከፋው ግን ብዙ ጊዜ በእሱ ላይ ነው።

ወላጅስ አያውቅም ወይ? በ2006 የታተመ አንድ የአላባማ ጥናት ይህን ግምት ያናጋል። ጠመንጃ ባለባቸው ቤቶች «ልጄ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም» ካሉት ወላጆች መካከል የ22 በመቶዎቹ ልጆች፣ ለብቻቸው ሲጠየቁ፣ ነክተናል ብለዋል።

እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። «ልጁ የማን ቡድን ነው?» ከሚለው ይልቅ «መሣሪያ ማግኘት ቢፈልግ ከየት ያገኛል?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። የመጀመሪያው ልጁ ላይ ስም ይለጥፋል፤ ሁለተኛው ሊቆለፍ የሚገባውን ቦታ ያሳያል። ትምህርት ቤት ለልጆቻችን መጠይቅ ሲያመጣ ስም መጻፍ አለመጻፉን፣ መልሱም ማን እጅ እንደሚገባ እንጠይቅ። ስም የሌለበት ከሆነ አንከልክል። ቤት ስንገባ ደግሞ ልጃችንን ሳንቆጣ እንጠይቀው፤ የሚቆጣ ወላጅ እውነቱን አይሰማምና።