የአቢጃታ ዕዳ በማን ላይ ነው?

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እያልን እንተርታለን፤ ስለ አቢጃታ ስንነጋገር ግን ሥሩን ትተን ቅርንጫፉን እንወቅሳለን።

ከአዳሚ ቱሉ በስተደቡብ የሚገኘው የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. ነው። ከ887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋቱ 482ቱ ውሃ ነበር። እንግዲህ የዚህ ፓርክ ሀብት ከየብሱ ይልቅ ውሃው ነው። ሻላ ጥልቅ ሐይቅ ሲሆን ዓሣው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በደሴቶቹ ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን ለማጥመድ ወደ አቢጃታ ይሻገሩ ነበር። ሻላ መኝታቸው፥ አቢጃታ ማዕዳቸው ነበር።

ማዕዱ ግን ተነሣ። አቢጃታ የሚኖረው ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ በሚወርደው በቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚመጣው በሆራ ቀሎ ነው። ለመስኖ ከዝዋይና ከቡልቡላ የሚሳበው ውሃ በበዛ መጠን የአቢጃታ ድርሻ አነሰ። የሶዳ አሽ ማምረቻም ከሐይቁ ውሃ እየሳበ በገንዳ አተነነው። የውሃው ጨውነት በረታ፤ ዓሣው ጠፋ፤ ዓሣ በል ወፎችም ራቁ።

ጥፋተኛው ማነው ሲባል፥ ብዙዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት ግራር ቆርጦ ከሰል በሚያከስለው ገበሬ ላይ ነው። ግራር መቍረጥ ጥፋት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከሰሉን ከመንገድ ዳር ገዝቶ የሚወስደው የከተማ ሰው አይደለምን? ደግሞስ ገበሬው ዛፍ ቈረጠ እንጂ ወንዝ መለሰን?

«እርሻ ያበላል፥ ወፍ ግን ምን ይጠቅማል?» የሚሉም አይጠፉም። እኛ እርሻን አንቃወምም። ነገር ግን ከታች ያለው ሐይቅ ሲሸሽ ከላይ ላለው ማስጠንቀቂያ ነው። ዛሬ የወፍ ማዕድ ያነሣ አጠቃቀም ነገ የእርሻውን ቦይ እንደማያደርቅ ዋስ የሚሆን ማነው?

በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ፥ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈቱ ተደስተናል። የሰው እጅ ያስጌጠው እንዲህ ከተከበረ፥ ፈጣሪ ያስጌጠው ስለ ምን ይዘነጋል?

አጥርና ዘብ ብቻ ፓርክን አያድኑም። ስለዚህ ከዝዋይና ከቡልቡላ የሚቀዳው ውሃ በልክ ይሁን፤ አቢጃታም እንደ አንድ ባለመብት ተቈጥሮ ድርሻው አስቀድሞ ይነሣለት፤ ገበሬውም ከመወቀሱ በፊት ከከሰል የሚሻል መተዳደሪያ ያግኝ። ሹሙ ይህን ሲወስን፥ መምህሩም የወንዙን መንገድ ከምንጩ እስከ መጨረሻው ለተማሪው ሲያሳይ፥ ያን ጊዜ ነገሩ ከሥሩ ተያዘ እንላለን።