ፍሊንት የፈረደችበት ሕግ ይሻር
ለሚሺጋን ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራትና ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ሕግ እንድትሽሩ ልጠይቃችሁ ነው። ሕጉ በ2012 ማብቂያ ላይ የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 436 ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዋጁ ገንዘብ ያጠራትን ከተማ ግዛቱ እንዲረከብ ይፈቅዳል። ሕዝብ የመረጣቸው ከንቲባና የምክር ቤት አባላት ሥልጣናቸው ይታገድና ከላይ የተሾመ አንድ ሰው ብቻውን ይወስናል። ይህ ሹም የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ይባላል። ንብረት መሸጥ፣ የሠራተኛ ውል ማፍረስ፣ የከተማዋን ደንብ መለወጥ ይችላል። በ2018 በእንዲህ ያለ ሹም እጅ የቀረ ከተማም ሆነ የትምህርት ወረዳ እንደሌለ ግዛቱ አስታውቋል። ሕጉ ግን አልተሻረም። የሚቀጥለው የኢኮኖሚ ድቀት ከተሞችን ሲያንገዳግድ ከመሳቢያ ወጥቶ ሥራ ላይ የሚውለው እሱ ነው።

በአማርኛ የምጽፈው ወገኖቼም እንዲያነቡት ነው። በአሜሪካ ከተሞች ቤት ገዝተው፣ ሱቅ ከፍተው፣ ግብር ከፍለው ይኖራሉ፤ ዜግነት ያገኙትም ይመርጣሉ። ከተማ በተሿሚ መተዳደሩ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2005ቱ ምርጫ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከነበሩት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት አሸነፈ። የተመረጡት ሥልጣኑን ሳይረከቡ ቀሩና የፌደራል መንግሥት በ2006 በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ የባላደራ አስተዳደር ሾመ፤ እስከ 2008ቱ ምርጫም ቆየ። የአዲስ አበባው መነሻ ፖለቲካ ነበር፤ የሚሺጋኑ ገንዘብ ነው። ነዋሪው ላይ የሚደርሰው ግን አንድ ነው፦ በደል ሲደርስበት በድምፁ የሚያነሳው ሹም አይኖረውም።

ለሕጉ የሚቀርበውን መከራከሪያ አልንቀውም። ካዝናዋ የተራቆተ ከተማ ነዋሪዎቿን በየዕለቱ ትጎዳለች። ዲትሮይት በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ2010 የቀራት 714 ሺህ ገደማ ነው። በ2013 ዕዳዋ 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ ነበር፤ ከመንገድ መብራቶቿ 40 በመቶ ያህሉ አይበሩም ነበር። የቀድሞ ከንቲባዋ ክዋሜ ኪልፓትሪክ በዚያው ዓመት በሙስና ጥፋተኛ ተብለዋል። አጎራባቿ ሃይላንድ ፓርክ የመብራት ዕዳዋን መክፈል አቅቷት በ2011 የመንገድ መብራቶቿ ከነምሰሷቸው ተነቅለው ተወስደዋል። እናት ልጇን በጨለማ ጎዳና ወደ ትምህርት ቤት ስትልክ ግዛቱ “የራሳችሁ ጉዳይ ነው” ብሎ ሊቀመጥ አይገባም። ጣልቃ መግባቱን አልቃወምም። የምቃወመው የጣልቃ ገብነቱን ዓይነት ነው።

የሕጉ ደጋፊዎች ሁልጊዜ የሚጠሩት ምስክር ዲትሮይት ናት። ገዥ ሪክ ስናይደር በማርች 2013 ኬቪን ኦርን የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾሙ፤ ኦር በጁላይ 18 የኪሳራ አቤቱታ ለፌደራል ፍርድ ቤት አቀረቡ። በአሜሪካ ታሪክ ከተማ ካቀረበቻቸው የኪሳራ አቤቱታዎች ትልቁ ነበር። ከተማዋ በዲሴምበር 2014 ከኪሳራ ስትወጣ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተነሥቶላት ነበር። ዛሬ መብራቷ በርቷል። ይህን የሚክድ የለም።

ዳሩ ግን ዲትሮይት እንዴት እንደዳነች በደንብ እንይ። አቤቱታው የቀረበው ዳኛ ስቲቨን ሮድስ ፊት ነው። አበዳሪዎች ጠበቃ ይዘው ተከራከሩ፤ የሠራተኛ ማኅበራትና ጡረተኞችም እንዲሁ። የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ቅርሶች ለዕዳ ሊሸጡ ነው የሚል ስጋት ሲነሣ በጎ አድራጊ ፋውንዴሽኖች፣ ሙዚየሙና የእናንተው ግዛት 816 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው ቅርሱንም አተረፉ፣ የጡረታ ቅነሳውንም አቃለሉ። ግዛቱ በበኩሉ 195 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ከሁሉ በላይ ጡረተኞቹ በዕቅዱ ላይ ድምፅ ሰጡ። አብዛኞቹ የከተማዋ ጡረተኞች ከወርሃዊ አበላቸው 4.5 በመቶ እንዲቀነስና የኑሮ ውድነት ጭማሪው እንዲቀር መራራውን ውሳኔ የተቀበሉት ተጠይቀው ነው። ዲትሮይትን ያዳኗት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የሚያዳምጥ ዳኛ፣ ከውጭ የመጣ እውነተኛ ገንዘብ፣ የተጎጂው ድምፅ። አንዱንም አዋጅ 436 አያዝም። በተሿሚው ላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ስለነበረበት ነው ውጤቱ የተስተካከለው።

አሁን ወደ ፍሊንት እንምጣ። ሕጉ ያው ነው፣ ገዥውም ያው፣ ዘመኑም ያው። ጄኔራል ሞተርስ በ1908 የተመሠረተባት ይህች ከተማ በ1960 ወደ 197 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበራት፤ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ግማሹ ያህል ለቀቀ። ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ተሿሚዎች እየተፈራረቁ ገዟት። ከዲትሮይት የሚገዛው ውኃ ውድ ነው ተብሎ ከሂውረን ሐይቅ በአዲስ መስመር ለማምጣት ተወሰነ። ይህን የአዲስ መስመር ዕቅድ የከተማው ምክር ቤት በ2013 በድምፅ ደግፎታል፤ መስመሩ እስኪያልቅ ድረስ ሕዝቡ የፍሊንትን ወንዝ ይጠጣ የሚለው ግን የምክር ቤቱ ውሳኔ አልነበረም። በኤፕሪል 2014 ከተማዋ በተሿሚው ሥር ወደ ወንዙ ተዛወረች። የታሰበው ቁጠባ በሁለት ዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ቧንቧውን ከዝገት የሚከላከለው ኬሚካል ግን አልተጨመረም፤ እሱ በቀን 100 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር።

የወንዙ ውኃ አሮጌዎቹን ቧንቧዎች እየበላ የእርሳስ መርዝ ወደየቤቱ አወረደ። ሰዎች ቡናማ ውኃ በጠርሙስ ሞልተው ወደ ስብሰባ አዳራሽ ይመጡ ጀመር፤ የልጆቻቸው ቆዳ ሽፍ ማለቱን ተናገሩ። በኦክቶበር 2014 ጄኔራል ሞተርስ ውኃው የሞተር ክፍሎቼን እያዛገ ነው ሲል ወዲያው ተፈቅዶለት ወደ ሌላ ውኃ ተመለሰ። ብረቱ ተሰማ፤ ሕፃናቱ አልተሰሙም። በማርች 2015 የከተማው ምክር ቤት ወደ ዲትሮይት ውኃ እንመለስ ብሎ በ7 ለ1 ድምፅ ወሰነ። ተሿሚው ወጪው አይቻልም ብለው ውድቅ አደረጉት። በኤፕሪል ተሿሚው ሥራቸውን ሲያስረክቡም ለከተማዋ ከተሰጠው የአስቸኳይ ብድር ጋር የተያያዘው ግዴታ ያለ ግዛቱ ፈቃድ ወደ ዲትሮይት ውኃ እንዳትመለስ የሚከለክል ነበር። ሹሙ ሄዱ፣ እጃቸው ግን ቀረ።

ክቡራን፣ ይህ የምክር ቤቱ ድምፅ ቢከበር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በማርች ምክር ቤቱ የወሰነው የተፈጸመው በኦክቶበር 2015 ነው፤ በመካከሉ ሰባት ወር ሄደ። ያንን መዘግየት ያስቆመው የተመረጠ ሰው አይደለም። የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውኃውን መርምረው፣ የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሃና አቲሻ የልጆች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ መጨመሩን በሴፕቴምበር አሳይተው፣ የግዛቱ ባለሥልጣናት መጀመሪያ አጣጥለዋቸው፣ ውሳኔው የተፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። በዚሁ ጊዜ በአካባቢው በተነሣው የሌጂዮኔርስ በሽታ ቢያንስ 12 ሰዎች ሞተዋል። የግዛቱ ገዥ ራሳቸው ያቋቋሙት አጣሪ ቡድን በማርች 2016 ዋናው ተጠያቂ ግዛቱ መሆኑን፣ ሕጉም ከተማዋን ከሕዝብ ቁጥጥር ውጭ ማድረጉን ጽፏል። ለተጎጂዎች የጸደቀው ካሳ 626 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ 600 ሚሊዮኑን የከፈለው ግዛቱ ነው። 5 ሚሊዮን ለማትረፍ የወጣው ዋጋ ይህ ነው፤ በእርሳስ የተጎዳ የሕፃን አእምሮ ደግሞ በካሳ አይመለስም።

በዲትሮይትና በፍሊንት መካከል ያለው ልዩነት የተሿሚዎቹ ብልህነት ወይም ክፋት ነው ብዬ አላምንም። ልዩነቱ በዲትሮይት የተበደለ የሚጮህበት ችሎት መኖሩ፣ በፍሊንት ደግሞ የነበረው አንድ መጮኺያ፣ የተመረጠው ምክር ቤት፣ አስቀድሞ በሕግ መዘጋቱ ነው። ከንቲባ ስህተት ሲሠራ ሕዝቡ በምርጫ ያወርደዋል፤ ይህን ስለሚያውቅ ጠርሙስ ይዘው የመጡትን እናቶች ቢያንስ ያዳምጣል። ተሿሚ የሚያዳምጠው የሾመውን ነው፤ የተላከውም ሂሳብ እንዲያመጣጥን ነው። ጥሩ ሰው ቢሆን እንኳ ከሚለካበት ነገር በላይ እንዲያይ የሚያስገድደው የለም።

ይህ በፍሊንት ብቻ የታየ አይደለም። በቤንተን ሃርበር በ2011 የተመረጡት የምክር ቤት አባላት ስብሰባ ከመክፈት፣ ቃለ ጉባኤ ከማጽደቅና ስብሰባ ከመዝጋት በቀር ሌላ ሥራ እንዳይሠሩ ታገዱ። በፖንቲያክ በ55.7 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ሲልቨርዶም ስታዲየም በ2009፣ ቀደም ባለ ተመሳሳይ ሕግ የተሾመ ሥራ አስኪያጅ በነበረበት ጊዜ፣ በ583 ሺህ ዶላር ተሸጠ። የዲትሮይት ትምህርት ቤቶች ከ2009 ጀምሮ በተሿሚዎች ሲመሩ ቆይተው በ2016 እናንተ 617 ሚሊዮን ዶላር እስክታጸድቁላቸው ድረስ ከጉድለት አልወጡም። ሸክሙ የወደቀው በማን ላይ እንደነበረም ታውቃላችሁ፤ በ2013 ከሚሺጋን ጥቁር ነዋሪዎች ግማሽ ያህሉ ተሿሚ በሚያስተዳድራቸው ከተሞች ይኖሩ ነበር። አባቶቻችን “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ይላሉ። ድምፃቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ይህን ንቀት አይተውታል።

የምክር ቤቱ የራሱ እጅም አለበት። ከአዋጅ 436 በፊት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 4 የሚሺጋን ሕዝብ በኖቬምበር 2012 በሕዝበ ውሳኔ ሻረው። በወሩ ተመሳሳይ ሥልጣን የያዘ አዲስ ሕግ ከዚሁ ቤት ወጣ፤ የበጀት ድልድል ስለተጨመረበትም ሕዝቡ ዳግመኛ በሕዝበ ውሳኔ እንዳይነካው ሆነ። አዲሱ ሕግ ከተማዋ ከአራት አማራጮች እንድትመርጥ ይፈቅዳል፣ ከ18 ወር በኋላም ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተሿሚውን ማሰናበት ይችላል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ፍሊንት መርዙን ለመጠጣት ግን 18 ወር አላስፈለጋትም።

ከተሞቹ ለምን ደኸዩ የሚለውም ጥያቄ ወደ እናንተው ይመለሳል። ፋብሪካ ሄደ፣ ነዋሪ ተከተለ፤ ይህ የማንም ውሳኔ ላይሆን ይችላል። የ1978ቱ የሄድሊ ማሻሻያና የ1994ቱ ፕሮፖዛል ኤ የተባሉት የግብር ድንጋጌዎች ግን የንብረት ግብር ገቢ ከድቀት በኋላ ቶሎ እንዳያገግም አሰሩት። ግዛቱ ከሽያጭ ታክስ ለከተሞች ያካፍለው ከነበረው ገንዘብም በ2000ዎቹ ዓመታት ብዙ ቢሊዮን ዶላር አስቀረ። ከተማን ከገቢዋ ከልክሎ ሂሳቧ ስላልተመጣጠነ ሥልጣኗን መውሰድ ፍትሕ አይደለም።

የተሻለ መንገድ ታይቷል። ኒው ዮርክ በ1975 ልትከስር ስትቃረብ ገዥ ሂው ኬሪ ወጪን የሚቆጣጠር ቦርድና ብድር የሚያፈላልግ ተቋም አቋቋሙ። ኑሮው ከብዷል፤ የከተማው ዩኒቨርሲቲ ነጻ ትምህርት እንኳ በ1976 ቀርቷል። ከንቲባው ግን በወንበራቸው ቆዩ፣ በቦርዱም ተቀመጡ፤ ሕዝቡም በ1977 በምርጫ ለወጣቸው። ሰሜን ካሮላይና ደግሞ ከ1931 ጀምሮ የከተሞችን ብድር አስቀድሞ የሚያጸድቅና ሂሳባቸውን የሚከታተል ኮሚሽን አላት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ አዋጅ 436ን ሻሩ፤ በምትኩ የከተማዋን በጀትና ብድር የሚያጸድቅ፣ ከንቲባውና ምክር ቤቱ መቀመጫ ያላቸው፣ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት የሆነ፣ ማብቂያው በሕግ የተቆረጠ የፋይናንስ ቦርድ አቋቁሙ።

ሁለተኛ፣ ውኃን፣ ጤናንና የሕዝብን ደኅንነት በሚመለከት የተመረጠው ምክር ቤት የሰጠውን ድምፅ ማንም ቦርድ በቁጠባ ስም እንዳይሽረው በሕግ ደንግጉ።

ሦስተኛ፣ ለከተሞች የሚካፈለውን የሽያጭ ታክስ በየዓመቱ ልትቀንሱት በማትችሉት መልኩ አጽኑት፤ ችግር በመጀመሪያው ምልክት ይታይ ዘንድም ሂሳባቸውን በየሩብ ዓመቱ የሚመረምር ባለሙያ መድቡ።

አራተኛ፣ ግዛቱ የከተማ ሥልጣን በያዘበት ጊዜ ለሚደርስ ጉዳት ግዛቱ ራሱ ያለ ክርክር ተጠያቂ ይሁን። በፍሊንት ካሳው የጸደቀው ከረጅም የፍርድ ቤት ሙግት በኋላ ነው።

በዚህ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ የከተማችሁን ምክር ቤት ምርጫ እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። ስለ ዋሽንግተን ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን፤ የቧንቧችንን ውኃ የሚወስነው ግን ስሙን የማናውቀው የወረዳችን ተመራጭ ነው። ስብሰባው ላይ ተገኙ፣ በጀቱን ጠይቁ፣ ምረጡ።

ክቡራትና ክቡራን፣ በፍሊንት ከ10 ሺህ በላይ የእርሳስ ቧንቧዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። ያንን ውኃ በሰዎች ቤት ያስገባው ሕግ ግን እስካሁን በመጽሐፋችሁ ውስጥ ተቀብሮ አለ። እሱንም አውጡት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በሚሺጋን የሚኖር ኢትዮጵያዊ