የቆቃ ዓሣና ከሞጆ ወንዝ የሚወርደው ክሮሚየም

በ1952 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በአዋሽ ወንዝ ላይ በተገነባው ግድብ የተፈጠረው የቆቃ ሐይቅ ዛሬ የበርካታ ዓሣ አስጋሪዎች መተዳደሪያ ነው። ከሐይቁ የሚወጡት ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ለከተሞች ገበያ ይቀርባሉ። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚሸከመው የአቃቂ ወንዝም ሆነ የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚቀበለው የሞጆ ወንዝ መድረሻቸው ይኸው ሐይቅ ነው።

ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም፣ እንዲሁም እርሳስና ካድሚየም፣ ከባድ ብረቶች ይባላሉ። እንደ ምግብ ትርፍራፊ በስብሰው አይጠፉም፤ ከደለል ጋር ወደ ሐይቁ ወለል ይዘቅጣሉ። ምግባቸውን ከጭቃው የሚፈልጉት አምባዛና ካርፕም ለብክለቱ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ጉዳቱ ቀድሞ የሚያርፈው በዓሣው መተንፈሻ ስንጥብ ላይ ነው። ይህ ስስ አካል ሲጎዳ ዓሣው ኦክስጅን ለማግኘት ይቸገራል። ወደ ደም የገባው ብረትም በጉበትና በኩላሊት ይከማቻል። በዚህም ዕድገቱ ይቀጭጫል፤ በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይዳከማል፤ የመራባት ብቃቱም ይቀንሳል።

ዓሣ በአንድ ሌሊት ቢያልቅ ሁሉም ያየዋል። የከባድ ብረት ጉዳት ግን ዓሣው ከዓመት ዓመት እያነሰና እየቀጨጨ ሲሄድ ብቻ የሚገለጥ በመሆኑ፣ ከመጠን በላይ ማስገር ከሚያስከትለው ጉዳት መለየቱ ያዳግታል። ስለዚህ ዓሣው አለመሞቱ ውኃው ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ለተመጋቢው፣ አብዛኞቹ ብረቶች ከሥጋው ይልቅ በስንጥብ፣ በጉበትና በኩላሊት ስለሚበዙ እነዚህን አውጥቶ መጣል ይጠቅማል። ሜርኩሪ ግን በሥጋው ውስጥ ስለሚከማች ማጠብም ሆነ መቀቀል አያስወግደውም። እ.ኤ.አ. በ1956 በጃፓን ሚናማታ የታወቀው በሽታ መንስኤው በፋብሪካ ፍሳሽ ሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ ነበር።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ አካል እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደንግጓል። ድንጋጌው በተግባር እንዲታይ የፋብሪካዎች ፍሳሽ ማጣሪያ ሳይቋረጥ መሥራቱ ሊረጋገጥ፣ ደለሉና የዓሣው ጉበት በየወቅቱ ሊመረመሩ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ሊገለጽ ይገባል። በዚሁ ወንዝ አትክልቱን የሚያጠጣው አርሶ አደርም ሆነ አትክልቱንና ዓሣውን ገዝቶ የሚመገበው የከተማ ነዋሪ ይህን ውጤት የማወቅ መብት አላቸው።