ቪዲዮው ሁሌ ከአደጋው በኋላ ለምን ይመጣል?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ ረጲ፣ ሁላችንም ቆሼ የምንለው የቆሻሻ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፣ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው አለቀ።

ሁለቱንም በስልካችን አይተናል። ቁፋሮውን፣ ለቅሶውን፣ አስከሬን ፍለጋውን። ግን ናዳ እንዴት እንደሚመጣ የሚያስረዳ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ስንቶቻችን አየን?

ከቆሼ እንጀምር። ናዳ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የክረምት ዝናብን ነው። ቆሼ ግን የተናደው በመጋቢት ነው። የከተማችን ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ሲበሰብስ ደግሞ ፈሳሽና ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ፈሳሹ መውጫ ካጣ ክምሩን ከውስጥ ያላላዋል። ከላይ ሌላ ቆሻሻ ሲጫንበትና ጎኑ ገደል ሲሆን፣ ለመናድ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። የኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም፦ ነሐሴ 2016 ካምፓላ ውስጥ የኪቴዚ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ30 በላይ ሰው ገድሏል።

የጎፋው ደግሞ በጣም ያንገበግባል። ከሞቱት መካከል የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች አሉ። ሁለተኛው ናዳ የመጣው እነሱ ላይ ነው። ወገን ሲቀበር ቆሞ የሚያይ የለም፣ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። ግን ሳይንሱ የታወቀ ነው፦ ተዳፋት አንዴ ሲናድ ከላይ የቀረው አፈር ደጋፊ ያጣል፣ ተከትሎ ሊወርድ ይችላል። ሁሉም በአንዴ ባይገባና አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ወደ ላይ እያየ ቢጠብቅ ነፍስ ሊተርፍ ይችላል። ይሄ ለመናገር 20 ሰከንድ አይፈጅም።

ታዲያ ማን ይናገረው? የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያውን በማኅበራዊ ሚዲያ ያወጣል፣ ጥሩ ነው። ግን «ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል፣ ተዳፋት ላይ ቤት የሠራ ሰው ምን ያድርግ? ዛሬ ቤቱ ይደር ወይስ ዘመድ ጋ ይሂድ? ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋ ደግሞ የምናየው የስብሰባ ፎቶና የኃላፊ ንግግር ነው። ባለሙያው ዝም ሲል ቦታውን የሚይዘው አስፈሪ ሙዚቃ የጨመረ ቲክቶከር ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ቶሎ ይዞራል።

በኛ እይታ ጠቃሚ ቪዲዮ ውስብስብ አይደለም። ምልክቱን ያሳያል፣ ምን እንደሚደረግ ይናገራል፣ ትንሽ ኢንተርኔት ይበላል፣ በሰዉ ቋንቋ ይሠራል። ጎፋ ላሉ እናት በአማርኛ ብቻ ማስረዳት ግማሽ ሥራ ነው።

እስከዚያው ግን እኛም እንችላለን። ተዳፋት ላይ ወይም ከገደል በታች የሚኖር ቤተሰብ ያላችሁ፣ እነዚህን ምልክቶች በቮይስ ላኩላቸው፦

🔴 መሬት ወይም ግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ
🔴 ዛፍ፣ አጥር ወይም የመብራት ምሰሶ ማዘንበል
🔴 የምንጭ ውሃ በድንገት መደፍረስ
🔴 ውሃ ባልነበረበት ቦታ መንጠብ

እነዚህን ካዩ ሌሊትም ቢሆን ቤቱን ለቀው ከተዳፋቱ ወደ ጎን ይራቁ፣ ለጎረቤትና ለቀበሌ ይንገሩ። ክረምት ሳይገባ ይድረሳቸው፣ በሚገባቸው ቋንቋ።