አንድ ራስ፣ ሁለት ምላስ፦ አየር መንገዶች ለታማኝ ተጓዦች የሚገቡት ቃል በሕግ ሊታሰር ይገባል

ከፌርፋክስ ጎዳና ተነሥተው ለዘመድ ሠርግ ወደ ዋሽንግተን የሚጓዙ ሁለት ወንድማማቾች ይታሰቡ። ሁለቱም ከሎስ አንጀለስ ወደ ደለስ በሚሄድ አንድ የዩናይትድ አውሮፕላን፣ በአንድ ዓይነት የኢኮኖሚ ትኬት ይሳፈራሉ። በሁለቱም ካርድ ላይ የስታር አላያንስ የጎልድ ምልክት ታትሟል። ታላቁ ደረጃውን ያገኘው በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሼባ ማይልስ ፕሮግራም ሲሆን ታናሹ ያገኘው በዩናይትድ ማይሌጅ ፕላስ ነው። ታላቁ በረራው እስኪደርስ ወደ ዩናይትድ ክለብ ላውንጅ ይገባል፤ ታናሹ፣ የዚያው የዩናይትድ የራሱ ደንበኛ፣ ከበር ይመለሳል።

በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ አልተሳሳተችም። ደንቡ የተጻፈው እንዲህ ነው። ዩናይትድ የራሱ የጎልድ አባላት በአገር ውስጥ በረራ ብቻ ሲጓዙ ላውንጁን እንዲጠቀሙ አይፈቅድም፤ የሌላ አባል አየር መንገድ የጎልድ ካርድ የያዘ ግን ይገባል። አንድ ምልክት፣ አንድ አውሮፕላን፣ አንድ በር፤ መብቱ ግን ሁለት ዓይነት ነው።

ይህ የላውንጅ ቡና ያመለጠው ሰው እሮሮ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በሩ የሚያሳየው ከበሩ የሚልቅ ነገር ነው፦ አየር መንገዶች ለታማኝ ደንበኞቻቸው የሚገቡትን ቃል ራሳቸው ይጽፉታል፣ ራሳቸው ይተረጉሙታል፣ ራሳቸው ይለውጡታል፤ ተጓዡ ግን አቤት የሚልበት በር የለውም ማለት ይቻላል። ይህ ሁኔታ በፌዴራል ደረጃ መታረም ይገባዋል፤ የሚታረምበትም መንገድ አለ።

ጉዳዩ የማን ነው?

“ልዩ ደረጃ” ሲባል ብዙ የምክር ቤት ሠራተኞች የሚያስቡት ኩባንያው የሚከፍልለትን የቢዝነስ ተጓዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በይፋ “ሊትል ኢትዮጵያ” ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ክፍል ግን ደረጃው የሚገኘው በሌላ መንገድ ነው። ቅመማ ቅመምና የባህል ልብስ የሚያመላልስ ነጋዴ፣ የታመመች እናቱን በዓመት ሁለት ሦስቴ የሚጠይቅ ልጅ፣ በሁለት አገር ሥራ የጀመረ ባለሙያ፣ ሁሉም በኢኮኖሚ ወንበር ረጅሙን መንገድ ደጋግመው በመጓዝ ማይል ያጠራቅማሉ። ለእነርሱ የጎልድ ደረጃ ትልቁ ጥቅም ላውንጁ አይደለም፤ ሻንጣው ነው። የስታር አላያንስ ጎልድ አባል በሻንጣ ቁጥር በሚሠራበት መስመር አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፣ በክብደት በሚሠራበት ደግሞ ተጨማሪ 20 ኪሎ ያለ ክፍያ እንዲይዝ ቃል ተገብቶለታል። ያ ሻንጣ መድኃኒት፣ የሕፃን ልብስ፣ የትምህርት ቤት ዕቃ ነው። በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ “አይቻልም” ከተባለ ወይ ገንዘብ ይከፈላል፣ ወይ ዕቃው ከሸኚ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የስታር አላያንስ አባል የሆነው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ነው። በሰኔ 2015 በደብሊን በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ መብረር ሲጀምር የከተማዋ ነዋሪ በአንድ አየር መንገድ እስከ ቦሌ መድረስ ችሎ ነበር። የደብሊኑ መስመር ከቀረ ወዲህ ግን ብዙ ተጓዦች የመጀመሪያውን ጉዞ በአንድ ኩባንያ፣ ሁለተኛውን በሌላ ኩባንያ ያደርጋሉ። አንድ ትኬት ሁለት ደንብ ተሸክሞ ይጓዛል ማለት ነው።

የደረጃው አገኛኘትም እንዲሁ ነው። ያው ወደ አዲስ አበባ የተደረገ ጉዞ በየትኛው ፕሮግራም ቁጥር እንደተመዘገበ ውጤቱ ይለያያል። ማይሉን በማይሌጅ ፕላስ የሚያስመዘግብ ተጓዥ ምንም ያህል ቢበር፣ በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ በራሱ በዩናይትድ አውሮፕላን ካልተሳፈረ ደረጃ አያገኝም። ይህን ሳያውቅ ዓመቱን ሙሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመላለሰ ሰው ያለው ሀብት “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” እንደሚባለው ነው።

ለአበዳሪ ንብረት፣ ለተጓዥ ችሮታ

ኩባንያዎቹ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፦ ማይልና ደረጃ ስጦታ ነው፤ ሰጪ ደግሞ ስጦታውን እንደ ወደደ ያደርገዋል። ይህ ክርክር በኩባንያዎቹ በራሳቸው ሥራ ፈርሷል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሰማዩን ባዶ ሲያደርገው ዩናይትድ የማይሌጅ ፕላስን ፕሮግራም በመያዣነት አቅርቦ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ዴልታ በዚያው ዓመት ስካይ ማይልስን አስይዞ 9 ቢሊዮን ዶላር አገኘ። አሜሪካን ኤርላይንስ በ2021 በአድቫንቴጅ ፕሮግራሙ ዋስትና 10 ቢሊዮን ዶላር ወሰደ። አበዳሪዎቹ ያን ሁሉ ገንዘብ የሰጡት ስጦታን አምነው አይደለም። ሚሊዮኖች ለደረጃና ለማይል ሲሉ መብረራቸውን፣ ባንኮችም ለክሬዲት ካርድ ደንበኞቻቸው የሚያድሉትን ማይል በገንዘብ መግዛታቸውን እንደሚቀጥሉ አምነው ነው። ስለዚህ የተጓዡ ታማኝነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በቢሊዮን ይቆጠራል።

ባንድ ራስ ሁለት ምላስ የሚባለው ይህ ነው። አየር መንገዱ ለአበዳሪው “ይህ ንብረቴ ነው፣ እመነው” ይላል፤ ለተጓዡ “ይህ ችሮታዬ ነው፣ አትጠይቀኝ” ይላል። አበዳሪው በውል ተጠብቋል። ተጓዡ የያዘው ግን “ኩባንያው በማንኛውም ጊዜ ሊለውጠው ይችላል” የሚል ዓረፍተ ነገር ነው።

የፍርድ ቤቱ በር እንዴት ተዘጋ?

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው አየር መንገዶችን ከዋጋና ከመስመር ቁጥጥር ያላቀቀው ሕግ፣ ክፍላተ ግዛት ከአየር መንገድ “ዋጋ፣ መስመር ወይም አገልግሎት” ጋር የተያያዘ ሕግ እንዳያወጡና እንዳያስፈጽሙ ይከለክላል። የሕጉ ዓላማ ውድድር ነበር። ውጤቱ ግን በዚህ ጉዳይ ሌላ ሆነ።

አሜሪካን ኤርላይንስ በ1988 በተጠራቀሙ ማይሎች ላይ አዲስ ገደብ ሲጥል የተከፋፉ አባላት በኢሊኖይ የሸማቾች ሕግ ከሰሱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 በዎለንስ መዝገብ የክፍለ ግዛቱ የሸማቾች ሕግ እንደማይሠራ ወሰነ፤ የውል ማፍረስ ክስን ብቻ ተወላቸው። ቀጥሎ የጊንስበርግ መዝገብ መጣ። የኖርዝዌስት የፕላቲነም ደረጃ አባል የነበሩ አንድ ረቢ፣ “ቅሬታ አብዝተሃል” ተብለው ከፕሮግራሙ ተሰረዙ። ውሉ ስረዛን ለኩባንያው “ብቸኛ ውሳኔ” የተወ ስለነበር፣ ረቢው ኩባንያው በቅን ልቦና አልሠራም ሲሉ በካሊፎርኒያ ከሰሱ። ካሊፎርኒያን የሚያስተዳድረው የ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሰማቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2014 በሙሉ ድምፅ ሻረው፦ በክፍለ ግዛት ሕግ የተጫነ የቅን ልቦና ግዴታም በ1978ቱ ሕግ የታገደ ነው።

ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ላይ ሲነበቡ ትርጉማቸው ግልጽ ነው። ተጓዡ የሚከስሰው በውሉ ብቻ ነው፤ ውሉን የሚጽፈው ኩባንያው ነው፤ ውሉ ደግሞ ለኩባንያው ሁሉን ይፈቅዳል። ለአክቲቪስቶች ትምህርቱ ተግባራዊ ነው። ሳክራሜንቶ ሄዶ የካሊፎርኒያን ምክር ቤት ሕግ አውጣ ማለት የተዘጋ በር ማንኳኳት ነው። ጉዳዩ የዋሽንግተን ነው።

“ገበያው ያስተካክለዋል” ለሚሉ

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጊንስበርግ ውሳኔ ያልተደሰተ ተጓዥ ወደ ተፎካካሪ ፕሮግራም መዛወር እንደሚችል ጠቁሟል። ክርክሩ ተወዳዳሪ ባለበት መስመር ሊያስኬድ ይችላል። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ያለ ማቋረጥ የሚበረው ግን አንድ አየር መንገድ ብቻ ነው። አሮጊት እናቱን በሁለት አገር አውሮፕላን ማረፊያ ማንከራተት የማይፈልግ ሰው ወዴት ይዛወራል?

ተወዳዳሪ ባለበትም ቢሆን ታሪኩ የሚያጽናና አይደለም። ዴልታና ዩናይትድ በ2015፣ አሜሪካን በ2016 ማይልን በተበረረ ርቀት መስጠታቸውን ትተው በተከፈለ ገንዘብ መለካት ጀመሩ። ይህ ውድድር አይደለም፤ መከታተል ነው። ዴልታ በመስከረም 2023 የደረጃና የላውንጅ ደንቦቹን ሲያጠብቅ ቁጣው በረታና ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከልክ እንዳለፉ አምነው በጥቅምት ከፊሉን መለሱ። ያ የሚያሳየው ጩኸት ሲበረታ ኩባንያ እንደሚሰማ ነው። ጩኸቱ ለማይሰማ ማኅበረሰብ ግን ከጩኸት የጸና ነገር ያስፈልገዋል።

የሚቻል መሆኑ ታይቷል

“በብዙ አየር መንገዶች ኅብረት አንድ ደንብ ማስከበር አይቻልም” የሚለው ሰበብም አይጸናም። የፌዴራል የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው ደንብ፣ ጉዞው በአሜሪካ የሚጀምር ወይም የሚያበቃ ከሆነ በመነሻው የሠራው የሻንጣ መጠንና ክፍያ እስከ ጉዞው ፍጻሜ እንዲሠራ አዝዟል። ከዚያ በፊት ኩባንያዎቹ ይህንንም አስቸጋሪ ይሉት ነበር፤ ዛሬ ይሠሩበታል። አንድ ትኬት፣ አንድ ደንብ። ይህን መርህ ከሻንጣ ወደ ደረጃ ጥቅሞች ማስፋት አዲስ ፈጠራ አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ የ2024ቱ የአላስካና የሃዋይያን ውሕደት ነው። ሚኒስቴሩ ውሕደቱን ሲፈቅድ የሃዋይያን አባላት ማይል አንድ ለአንድ እንዲመነዘርና ዋጋው እንዲጠበቅ፣ ደረጃቸውም ተመጣጣኝ ሆኖ እንዲቀጥል አስገድዷል። ሦስተኛው፣ በሚያዝያ 2024 የወጣው የገንዘብ ተመላሽ ደንብ ነው፤ ተጓዥ ከፍሎበት ያላገኘው ተጨማሪ አገልግሎት ክፍያው እንዲመለስለት ይደነግጋል። ተጨማሪ አገልግሎትን በካርድ የገዛ ሰው ገንዘቡ የሚመለስለት ከሆነ፣ በዓመታት ታማኝነት የገዛው ባዶ እጁን የሚሄድበት ምክንያት የለም።

ሥልጣኑም አለ። የፌዴራል ሕግ ርዕስ 49 አንቀጽ 41712 ሚኒስቴሩ ኢፍትሐዊና አሳሳች አሠራርን እንዲያግድ ይፈቅድለታል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ራሱ ጊንስበርግን ሲያሰናብት ሚኒስቴሩ የታማኝ ደንበኞች ፕሮግራም ቅሬታዎችን የመመርመር ሥልጣን እንዳለው አስታውሷል። ሚኒስቴሩ በመስከረም 2024 አሜሪካንን፣ ዴልታን፣ ሳውዝዌስትንና ዩናይትድን ስለ ፕሮግራሞቻቸው በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ ጠይቆ ነበር። መጠየቅ ጅምር ነው፤ መደንገግ ግን ገና ነው።

የሚጠየቀው

1. የዓመቱ ቃል ለዓመቱ ይጽና። ደረጃ በተገኘበት ዘመን የታወጀ ጥቅም ደረጃው እስኪያበቃ አይቀነስ፤ ለውጥ የሚሠራው ለቀጣዩ የብቃት ዓመት ብቻ ይሁን።

2. አንድ ትኬት፣ አንድ ደንብ። የ2011ዱ የሻንጣ መርህ በኅብረት ምልክት ስም ለሚሸጡ የደረጃ ጥቅሞች ይስፋ። አየር መንገድ የራሱን አባል ከሌላው አባል የሚያሳንስበት ልዩነት ካለ፣ ተጓዡ ከመመዝገቡ በፊት በጉልህ ይነገረው።

3. እምቢታ በጽሑፍ ይሁን። ጥቅም የተከለከለ ተጓዥ ምክንያቱን በዚያው ቀን በጽሑፍ ይቀበል፤ ክልከላው ያለአግባብ ከሆነ የጥቅሙ ዋጋ በገንዘብ ይመለስለት።

4. የ2024ቱ ምርመራ መልሶች ለሕዝብ ይቅረቡ። የኮንግረስ የትራንስፖርት ኮሚቴ ሠራተኞች ሰነዶቹን ይጠይቁ፣ በይፋ ስብሰባም ያስመርምሩ።

5. ኮንግረስ የ1978ቱን ሕግ በጠባቡ ያሻሽል። የቅን ልቦና ግዴታና የክፍላተ ግዛት የሸማቾች ሕግ ቢያንስ በታማኝ ደንበኞች ፕሮግራም ላይ እንዲሠራ ይፍቀድ። የዋጋና የመስመር ነፃነት አይነካም።

ለኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚቀርብ ጥያቄ አለ። ድርጅቱ የሕዝብ ሀብት ነው፤ በኢትዮጵያም የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሼባ ማይልስ ጥቅሞች በአጋር አየር መንገዶች ላይ የት እንደሚሠሩና የት እንደማይሠሩ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ቢያትም፣ የዋሽንግተንን ደንብ ሳይጠብቅ ለሌሎቹ አርአያ ይሆናል።

በዌስትውድ፣ በዊልሻየር ጎዳና ላይ፣ ብዙ ሰልፎች የተካሄዱበት የፌዴራል ሕንፃ ቆሟል። የሎስ አንጀለስ ኢትዮጵያውያን ያንን ጥግ ያውቁታል፤ ስለ አገር ጉዳይ ድምፃቸውን ያሰሙበት ነው። የአንድ ሻንጣ ጉዳይ ለሰልፍ ያንሳል ይባል ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ሻንጣ ላይ የተገባ ቃል በቢሊዮን ዶላር ብድር መያዣ ከሆነ፣ ለሕግም አያንስም። የአበዳሪው ውል በፍርድ ቤት የሚከበረውን ያህል የተጓዡም ቃል በሕግ ይከበር፤ የሚጠየቀው ከዚህ አይበልጥም።