የደጅ ኪራይ

አንባቢ ሆይ! መኪና የለዎት ይሆናል፤ እኔም የለኝም። ዛሬ የማጫውትዎ ግን ስለ መኪና ማቆሚያ ስለ ሆነ፣ «ይህ የባለጸጎች ጣጣ ነው» ብለው ገጹን እንዳይገለብጡብኝ እለምንዎታለሁ።

በሎንዶን ከተማ በብዙ ሰፈር መንገዱ ጠባብ፣ መኪናው ብዙ ነውና፣ ሰው በገዛ ቤቱ ደጅ መኪናውን ለማቆም ከማዘጋጃ ቤት የፈቃድ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ ቦታ አያስይዝም፤ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ጎረቤት ቀድሞ ቢያቆምበት የሚከሱት ሰው የለም።

በሰሜን ሎንዶን ያለው የባርኔት ማዘጋጃ ቤት በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የዓመቱን ክፍያ ከ40 ፓውንድ ወደ 100 ፓውንድ አወጣው። ለእንግዳ መኪና የሚገዛውን ወረቀት ደግሞ ከ1 ፓውንድ ወደ 4 ፓውንድ። እስቲ ያስቡት! እናትዎ ሊጠይቁዎ በመኪና ቢመጡ፣ ቡናው ሳይፈላ ሒሳቡ ይጀምራል።

ገንዘቡ የተፈለገው ለክፉ ነገር አልነበረም። ለመንገድ ጥገና፣ ለሽማግሎች የመሳፈሪያ ዋጋና ይህን ለመሰለው ነበር። ታዲያ ምን ነውር አለው? ይሉኝ ይሆናል። ነውሩ ከከፋዩ ላይ ነው። በመንገዱ የሚሄደው ሁሉም ሰው ነው፤ ሽማግሎቹም የሁሉም ሽማግሎች ናቸው። ከፋዩ ግን ግቢ ስለሌለው መኪናውን ከመንገድ ዳር የሚያቆመው ሰው ብቻ ሆነ። ባለ ጋራዡ ጎረቤቱ ወረቀቱ ስለማያስፈልገው አንዲት ሳንቲም አልተጨመረበትም።

አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ነገሩን ከከፍተኛው ፍርድ ቤት አደረሰው። በ2013 ዓ.ም. ዳኛዋ ቤቨርሊ ላንግ ለነዋሪው ፈረዱለት። 100 ፓውንድ በዛ ወይስ አነሰ አላሉም፤ ለምን ተጨመረ? ነው ያሉት። በ1984 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ለማዘጋጃ ቤት የመኪና ማቆሚያን የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጠው እንጂ ግብር ጣይ አላደረገውም። ሳይታሰብ የተረፈ ገንዘብ ቢኖር ሕጉ ለፈቀደው ሥራ ይውላል፤ አስቀድሞ ትርፍ ለማግኘት ብሎ ዋጋ መቆለል ግን አይቻልም።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንባቢዬ፣ ከዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ነገ አንድ አለቃ «ክፍያው ይጨመር» ብሎ ማስታወሻ ቢያስጽፍዎ፣ «ስለ» ከሚለው ቃል በኋላ ምን እንደሚጽፉ ያስቡበት። የባርኔት ነገር የተሸነፈው ከቁጥሩ ላይ ሳይሆን ከዚያች ከ«ስለ» በኋላ ነውና።

ዛሬ ደግሞ ብዙ የሎንዶን ማዘጋጃ ቤቶች ክፍያውን በመኪናው ጢስ መጠን ያደርጉታል። የከተማውን አየር ለማጥራት ከሆነ ምክንያቱ መልካም ነው፤ እኔ አልቃወምም። ይሁን እንጂ አዲስ መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው አሮጌዋን በሳምንት አንድ ቀን ለገበያ ብቻ ቢያስነሣትም፣ የሚከፍለው ያንኑ ዓይነት መኪና ጧትና ማታ ሲነዳ ከሚውለው ጋር እኩል ነው።