ስለ ማታር ማገዶና ስለ ተቈረጠ ዛፍ ጉቶ

ማታር በጋምቤላ ክልል፥ በኑዌር ዞን፥ በባሮ ወንዝ አጠገብ ያለች የጠረፍ ከተማ ናት። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ስደተኞች በእርስዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ለስደተኛው የሚሰፈረው እህል በመኪና ይመጣል፤ ማብሰያው እንጨት ግን የሚመጣው በሴቶች ራስ ነው። ባለአገሩም ስደተኛውም ከአንድ ዱር ስለሚቈርጥ፥ ዱሩ በራቀ ቍጥር የሴቶቹ ድካምና አደጋ ይጨምራል፤ በሁለቱ ወገን መካከልም ጠብ ይነሣል።

ሹማምንቱ ለዚህ መድኃኒት አድርገው የሚያስቡት ችግኝ መትከልን ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስም የሚተከለው ችግኝ በየክረምቱ ይቈጠራል፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ተቈርጦ የቀረውን ጉቶ የሚቈጥር የለም። ችግኝ ሥር እስኪሰድ ድረስ ብዙ ጊዜ ሲያስፈልገው፥ የጉቶ ሥር አስቀድሞ ተዘርግቶ ስላለ ፈጥኖ ያቈጠቍጣል። አዲስ አበባን ያጸናት ይኸው ጠባይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ስለ ማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ሳለ፥ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ እየተቈረጠ ዳግመኛ በማደጉ ከተማይቱ ባለችበት ቀረች።

ይሁን እንጂ የሚያቈጠቍጥ ሁሉ አይጠቅምም። በአፋር የገባው ፕሮሶፒስ በተቈረጠ ቍጥር እየበዛ የከብቱን መሰማሪያ ወሰደ። ደግሞም በዚህ አገር መሬቱ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በሌይቹዎር የነበረው የስደተኞች ሰፈር በ2006 ዓ.ም. ክረምት በጎርፍ ስለ ተዋጠ ሰዎቹ ኋላ ወደ ጀዊ ተዛውረዋል። ስለዚህ ውሃ የሚችለውና የአፍሪቃ ተወላጅ የሆነው ሰስባኒያ ይሻላል። ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ በየጥቂት ዓመት መተካት ያሻዋል፤ ከመሬት አስጠግተው ቢቈርጡትም ይሞታል። ከግማሽ ሜትር በላይ ግንድ ቢተዉለት ግን ቅርንጫፍ ያወጣል።

ለጋውን ቀንበጥ የሚጨርሱት ከብትና የበጋ እሳት ናቸው፤ የኑዌርን ሰው ከብቱን አታሰማራ ማለትም ከንቱ ነው። ይልቁንስ ዱሩን በአራት ወይም በአምስት ክፍል ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ብቻ መቍረጥ፥ የተቈረጠውንም ቀንበጡ ከከብት አፍ በላይ እስኪሆን ድረስ ማጠር ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ጉቶው የማን ነው የሚለው ነው። ዘንድሮ በጥንቃቄ የቈረጠች ሴት ከርሞ ሌላ ሰው ቀንበጡን የሚወስድባት ከሆነ፥ ከሥሩ መንግላ ብትወስደው ማን ይፈርድባታል? የወረዳው ሹማምንት ከአገር ሽማግሎችና ከስደተኞቹ ተወካዮች ጋር ተቀምጠው፥ የትኛው ክፍል የማን እንደ ሆነ ከመጪው በጋ በፊት በመዝገብ ሊያስጽፉ ይገባቸዋል፤ ካህናቱና ሰባኪዎቹም ለሁለቱም ወገን በገዛ ቋንቋቸው ሊያስታውቁ ይገባቸዋል።